220 ቮልትና 3.3 ቮልት በአንድ ቦርድ ላይ ሲሆኑ የክፍተት ደንቡን እንዴት እንሙላ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሰላም ለሁላችሁም። የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በኪካድ (ቦርድ በሚነደፍበት ሶፍትዌር) እየሠራሁ ነው። ፓምፑን የሚያበራው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) 220 ቮልት ሲይዝ፣ አጠገቡ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (ሥራውን የሚያዝዘው ቺፕ) በ3.3 ቮልት ይሠራል፤ እግሮቹም ከመሐል እስከ መሐል 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ይራራቃሉ። በአይፒሲ 2221 (የቦርድ ንድፍ መስፈርት) ሰንጠረዥ 220 ቮልት የሚያርፍበትን ረድፍ አይቼ ለቦርዱ በሙሉ በመስመሮች መካከል 1.25 ሚሊሜትር ክፍተት ብሞላ፣ ዲአርሲው (ንድፉ ደንቡን መጠበቁን የሚፈትሸው የኪካድ ክፍል) በማይክሮኮንትሮለሩ ዙሪያ ስሕተት በስሕተት ሆነ። ወደ 0.2 ሳወርደው ሁሉም ጠፋ፤ ነገር ግን ቦርዱን አጉልቼ ስመለከት የሙቀት መለኪያው መስመር ከሪሌው የ220 ቮልት እግር በግማሽ ሚሊሜትር ርቀት ሲያልፍ አገኘሁት። ሁለቱን እንዴት ማስታረቅ ይቻላል?

መልስ (ከሐረር)

ወንድሜ፣ ቦርዱን ለሕትመት ሳይልኩ ማየትዎ ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ መታረም አለበት። ሰንጠረዡ የሚጠይቀው የሞገዱን ጫፍ ሲሆን፣ የ220 ቮልት ጫፍ 311 ቮልት ገደማ ስለሆነ ረድፉ ከ301 እስከ 500 ያለው ነው፤ በዚያም ቀለም ላልተቀባ የውጭ መስመር የተቀመጠው 2.5 ሚሊሜትር ነው። ይህ ቁጥር እስከ 3,050 ሜትር ከፍታ ስለሚሠራ ለድሬዳዋም ለሐረርም ያገለግላል።

ቀጥሎ፣ ደንቡን ለቦርዱ ሳይሆን ለመስመሮቹ ይስጡ። የ220 ቮልት መስመሮችን በአንድ ኔት ክላስ (አንድ ዓይነት ደንብ በሚጋሩ መስመሮች ምድብ) ሰብስበው በ2.5፣ ሌሎቹን በ0.2 ይተዉ፤ ኪካድ የሁለት ክላስ መስመሮች ሲገናኙ ትልቁን ክፍተት ስለሚወስድ ማይክሮኮንትሮለሩ አይጨነቅም። ሰው በሚነካው ወገንና በ220 መካከል ግን 2.5 አይበቃም፤ እኔ በሥራዬ 8 ሚሊሜትር እወስዳለሁ። ይህን የሚጽፉት በልዩ ደንቦች ገጽ ላይ ነው። ደንቦቹ ከታች ወደ ላይ ስለሚፈተሹና መጀመሪያ የተስማማው ስለሚጸና፣ ጠቅላላውን ከላይ፣ ልዩውን ከታች ያድርጉ፤ እኔ ይህን ባለማወቄ አንድ ሙሉ ቀን ባክኖብኛል።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። እንደነገሩኝ አደረግሁ፤ አሁን የቀረው ስሕተት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ የሪሌው የጋራ እግር (በ220 ቮልት ወገን ያለው) ከጥቅልሉ (ሪሌውን ከሚያንቀሳቅሰው ሽቦ) ሁለት እግሮች መካከል ስለገባ 8 ሚሊሜትሩን ራሱ ሪሌው አፈረሰው። ይህን ስሕተት ችላ በል ብዬ ብዘጋው ይሻላል?

መልስ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ባይዘጉት እመክራለሁ። ደንቡ የያዘው እውነተኛ ችግር ነው። በእግሮቹ መካከል ከ1 ሚሊሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው ቀዳዳ መፈልፈል በቦርዱ ገጽ ላይ የሚኬደውን ርቀት ያረዝመዋል፤ በአየር ያለውን ግን እምብዛም አይቀይረውም። በተለይ እዚህ፣ አቧራው በሳጥኑ ውስጥ ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ፣ የገጹ ርቀት ከወረቀት ላይ ቁጥር በላይ ያሳስበኛል። ስለዚህ ጥቅልሉ በአንድ ጫፍ፣ መገናኛዎቹ በሌላው ጫፍ የሚወጡለትን ሪሌ ይፈልጉ፤ ቦርዱ በጥቂት ሚሊሜትር ይረዝም ይሆናል እንጂ ዲአርሲው ያለ ምንም ማለፊያ ይጸዳል።