ክርክር፦ የያሱኒ ነዳጅ ይውጣ ወይስ መሬት ውስጥ ይቅር?

አስተባባሪ፦ ያሱኒ ኢኳዶር ውስጥ ያለ የአማዞን ጫካ ነው። ታጋኤሪና ታሮሜናኔ የሚባሉ፣ ከውጭ ሰው ርቀው መኖርን የመረጡ ሕዝቦች ይኖሩበታል። ከሥሩ ደግሞ ነዳጅ አለ። በኦገስት 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 59 በመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ «ነዳጁ ይቅር» አለ። ልክ ነበር?

ሄኖክ፦ እኔ አልስማማም። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚሠራው በነዳጁ ገንዘብ ነው። በ2007 የኢኳዶር ፕሬዚዳንት የነበሩት ራፋኤል ኮሬያ «3.6 ቢሊዮን ዶላር ስጡንና አናወጣውም» ብለው ዓለምን ጠይቀው ነበር። እጃቸው የገባው 13 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ሀብታሙ እምቢ ያለውን ድሃው ለምን ይሸከም? ደግሞ ጫካው ያለበት የኦሬያና ክፍለ ሀገር ሕዝብ አብዛኛው «ይውጣ» ብሎ ነው የመረጠው። ሥራው ያለው እዚያ ነዋ።

ሳባ፦ የገንዘቡ ነገር እኔንም ያናድደኛል። የኦሬያናን ሰዎችም አልወቅስም። ግን ዋናዎቹ ባለጉዳዮች ድምፅ አልሰጡም፤ ሊሰጡም አይችሉም። ሰውነታቸው ጉንፋንና ኩፍኝ አያውቅም። ልጠይቃቸው ብሎ የሚሄድ ሰው በሽታ ይዞባቸው ነው የሚሄደው። ታዲያ ሰው ሲመጣ ጫካ መግባታቸው ራሱ መልስ አይደለም? የ2008ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 ይህን ተረድቷል። መሬታቸው አይነካም፣ ምንም ነገር ማውጣት ክልክል ነው ይላል።

ጋሽ ግርማ፦ ልጄ፣ አንቀጽ 407ንም አንብቢው። ፓርላማው «ለብሔራዊ ጥቅም» ብሎ ከወሰነ በጥብቅ ስፍራም ማውጣት ይቻላል። በ2013 ወሰነ፣ በ2016 ነዳጁ መውጣት ጀመረ። ሕግን ተከትሎ የተሠራ ነው።

ሳባ፦ ጋሽ ግርማ፣ 407 ስለ ጥብቅ ስፍራ ነው የሚያወራው። 57 ስለ ሰው ነው፤ «ከዚህ በስተቀር» የሚል ቀዳዳ አልተተወለትም። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ፍርድም ኢኳዶር የነዚህን ሕዝቦች መብት ጥሳለች ብሏል። በ2003፣ በ2006 እና በ2013 የተፈጸሙትን ጭፍጨፋዎች ተመልክቷል። በመጨረሻው ሁለት ሕፃናት ልጃገረዶች ከወገናቸው ተነጥለው ተወስደዋል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ነዳጅ በርሜል ማውራት ከብዶኛል።

ሄኖክ፦ የልጆቹን አላውቅም ነበር፤ ያሳዝናል። ግን ገዳዮቹ እዚያው ጫካ ያሉ ጎረቤቶቻቸው ናቸው እንጂ ኩባንያው አይደለም።

ሳባ፦ አዎ፣ የ2003ቱንና የ2013ቱን የፈጸሙት ዋኦራኒ የሚባሉት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ግን መንገዱ፣ እንጨት ቆራጩና ማሽኑ በየአቅጣጫው ሲገባ ሁለቱም የሚሸሹበት ጫካ ጠበበ። መንግሥት ሊጠብቃቸው ግዴታ ነበረበት።

ጋሽ ግርማ፦ እሺ፣ የ57ን ተቀብያለሁ። ሥራውን የሚያጣው የኦሬያና ሰውስ?

ሳባ፦ እሱ መካስ አለበት፤ በዚህ ከሄኖክ ጋር ነኝ። ጊዜም አለ። የነዳጅ ጉድጓዶቹ ከ240 በላይ ናቸው፤ የመጀመሪያው የተዘጋው በኦገስት 2024 ነው። መንግሥት ሁሉንም ለመዝጋት ዓመታት ያስፈልጉኛል ብሏል። ለሠራተኛው ሌላ ሥራ መፈለግ ያለበት በነዚያ ዓመታት ነው።