«ካሳ» የሐዘን ስም ነውን?

የቋራ ልጅ፦ ትናንት በሬዲዮ የቀረቡ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካሳን፣ ምትኩንና ማስረሻን በአንድ ላይ ጠቅልለው «የሐዘን ስሞች ናቸው፤ የሞተውን ልጅ በሕያው ወንድሙ ትከሻ ላይ ይጭናሉና ይቅሩ» ሲሉ ሰማሁ። ካሳ ኃይሉና ካሳ ምርጫ የነገሡበትን ስም እንዲህ ማቃለል ድፍረት ነው።

አዲስ እናት፦ «የነገሡበት» አሉ? አንደኛው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ፣ ሌላኛው በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ እንጂ በካሳ ማን ነገሠ? ስሙ ያን ያህል ከከበረ፣ ዘውዱ ሲመጣ ስለ ምን ደጅ ቀረ?

ደብተራው፦ እመቤቴ፣ የንግሥ ስም መያዝ ሥርዓት ነው። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ስለ ነገሡ ተፈሪ የተናቀ ስም ነበር ይባላልን? ካሳ ኃይሉም ቴዎድሮስን የመረጡት ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ በዚህ ስም የሚነሣ ጻድቅ ንጉሥ ተስፋ ስለሚሰጥ እንጂ ከካሳ ለመሸሽ አይደለም። ሕዝቡማ «መይሳው ካሳ»፣ «አባ በዝብዝ ካሳ» ማለቱን መቼ ተወ?

የቋራ ልጅ፦ ይበል! «የነገሡበት» ስልም ለዙፋን የበቁበት ማለቴ ነው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥተው የማረኩት ካሳ ምርጫ እንጂ ዮሐንስ አልነበሩም፤ ምንም እንኳ ድሉ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ በሰጣቸው መሣሪያ የታገዘ ቢሆንም።

የተንቤን ሰው፦ የመጨረሻዋን ሐረግ ሳይጨምሩ ማደር አልቻሉም?

አዲስ እናት፦ ነገሥታቱን ተዉአቸውና ቤታችንን እንይ። አያቴ አጎቴን «ካሳዬ» ብላ በጠራችው ቁጥር ከእርሱ በፊት የሞተውን ልጇን ስም አስከትላ ትጠራ ነበር። እርሱም አፈር ገፍቶ፣ ልጆች ወልዶ ሳለ፣ የማያውቀውን ወንድሙን ስም ሲሰማ አንገቱን ይደፋ ነበር። ባለሙያው የተናገሩት ይህንን ነው።

ደብተራው፦ ስሙ እኮ ለሞተ ወንድም ምትክ ብቻ አይወጣም፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ለተወለደም፣ ከብዙ ዘመን መካንነት በኋላ ለተገኘም ይወጣል። አያትዎ ልጁን ዘውዱ ቢሉትስ ያንን ስም ማስከተላቸውን ይተዉ ነበር?

አዲስ እናት፦ አጎቴ ግን ከልጆቹ አንዱንም ካሳ አላለም።

የቋራ ልጅ፦ የልጅ ልጆቹ ይሉታል።