«በግ እረኛውን አያማርጥም» ማለት ምን ማለት ነው?

የሰሜን ልጅ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰባኪ «የንስሐ አባትህ እንዴትም ያለ ቢሆን ታዘዝ፤ በግ እረኛውን አያማርጥም» ሲሉ ምእመኑ እልል አለ። እኔ ግን ተቃጠልሁ። የእኛ አባት ደጃችንን የሚረግጡት ተዝካር ሲኖር ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ዋዜማ ኃጢአቴን እየተናዘዝሁ ስልካቸው ጠራ፤ አንሥተው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወሩ፤ ከዚያ «ወዴት ደርሰን ነበር?» አሉኝ። ይህ እረኝነት ከሆነ፣ መንጋውን ትተው ራሳቸውን የሚያሰማሩ እረኞችን የሚወቅሰው ሕዝቅኤል 34 ለማን ተጻፈ?

ወለተ ማርያም፦ ዓመት ሙሉ ጠፍተህ በጾም ዋዜማ ብቅ ብትል ምን ጠብቀህ ነበር? ዕብራውያን 13፥17 «ለዋኖቻችሁ ታዘዙና ተገዙ» ይላል። ካህን ማማት ፋሽን ሆነ።

የሰሜን ልጅ፦ ጥቅሱን ጨርሺው እንጂ፣ እህቴ። «ስለ ነፍሳችሁ ይተጋሉና» ይላል። ሲተጉ ካየሁ እታዘዛለሁ።

ዲያቆኑ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። «አያማርጥም» የተባለው በሥርዓታችንም አያስኬድም። የንስሐ አባቱን የሚመርጠው ምእመኑ ራሱ ነው። ከመረጠ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት አይለውጥም፤ ቢለውጥም ከቀድሞው አባት በወጉ ተሰናብቶ ነው።

ወለተ ማርያም፦ ሰባኪውም ያሉት ከተመረጠ በኋላ ስላለው ነው።

የሰሜን ልጅ፦ ነበርሽ እንዴ? እኔ በጆሮዬ የሰማሁት «አያማርጥም» ነው።

ታዛቢ፦ የገጠሩን ቄስም አስቡት። ሳምንቱን ሞፈር ጨብጦ ይውላል፤ የእሑዱን ሌሊት በቅዳሴ ያነጋል፤ ከቀትር በኋላ ለቅሶ ቤት ነው። ደመወዝ ካለው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። የከተማው ደግሞ የንስሐ ልጆቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ስማቸውን በደብተር ይይዛል። ይህች አገር ከግብፅ በሚላክ አንድ ጳጳስ ለዘመናት ስትኖር ሕዝቡን የያዘው ይኸው ተራ ቄስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921፣ የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመው በ1951 ነው። እስከዚያ ድረስ ቤት ለቤት እየዞረ ባልና ሚስት ያስታረቀ፣ ደም ያደረቀ ማን ነበር?

የሰሜን ልጅ፦ የድሮውን ቄስ ማን ነካ? እኔ የማወራው ስለ ሲሚንቶው ነው።

ከሪያድ፦ እናንተ የስልክ ጥሪ ታማርራላችሁ። እኔ ያለሁበት አገር ቤተ ክርስቲያን የሚባል የለም። የንስሐ አባቴ ጎንደር ናቸው፤ የአሠሪዬ ቤት ሰው ሲተኛ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እደውልላቸዋለሁ። ይህ ንስሐ ይሆናል?

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ ምክርና ጸሎት በስልክ ይሆናል። ኑዛዜው ግን በአካል ፊት ለፊት ሲሆን ነው፤ ሲመለሱ ይፈጽሙታል።

የሰሜን ልጅ፦ «ሲመለሱ»! መቼ እንደምትመለስ እሷስ ታውቃለች?

ወንጌላዊው፦ ጣልቃ መግባቴ ካላስቀየመ፣ እኛ ዘንድ ፓስተሩ ካጠፋ ሽማግሌዎች ይመክሩታል፣ ባይሰማ ያነሡታል። በጉ ያማርጣል ማለት ነው።

ወለተ ማርያም፦ አሁን የቀረው የእናንተ ምክር ነበር! ዘይት በጠርሙስ ሞልቶ የሚሸጠውን «ነቢይ» የትኞቹ ሽማግሌዎች አነሡት?

ወንጌላዊው፦ እርሱን እኛም እንቃወማለን። በእርሱ ሁላችንን አትለኪን። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ሲያገኙ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ደርግ በ1971 ገደላቸው። እረኛ እንዲህ ነው።

ዲያቆኑ፦ በዚያው በሐምሌ 1971 የእኛን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም ገድሏል። በ1968 ከመንበራቸው አውርዶ አስሯቸው ነበር። አቡነ ጴጥሮስም በ1928 በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ ሕዝቡ ለጣሊያን እንዳይገዛ አውግዘው ነው። ስለ እረኛ ከእናንተ የምንማረው የለም።

ወንጌላዊው፦ አስተምራችኋለሁ መቼ አልሁ?

ወለተ ማርያም፦ አይታችኋል? አባቶቻችን ደማቸውን አፍስሰዋል። እዚህ ደግሞ ስለ ስልክ ጥሪ ይለቀሳል።

የሰሜን ልጅ፦ አቡነ ጴጥሮስ የእኔ የንስሐ አባት ቢሆኑ ኖሮ መቼ ወደዚህ እመጣ ነበር? የሰማዕታቱን ስም እየጠራችሁ ሲሚንቶውን ልታስረሱኝ አትችሉም። 1ኛ ጴጥሮስ 5 እረኛው መንጋውን የሚጠብቀው «በግድ ሳይሆን በውድ» ነው ይላል።

ታዛቢ፦ እንግዲያውስ ሌላ አባት ያዝ። ዲያቆኑ እንዴት እንደሚለወጥ ነግሮህ የለም?

የሰሜን ልጅ፦ እይዛለሁ። በመጀመሪያ ግን ወለተ ማርያም ትመልስልኝ፦ «አያማርጥም» የተባለው ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ወለተ ማርያም፦ አንተ ንስሐ ግባ።

የሰሜን ልጅ፦ ማን ዘንድ?