ጎብኚ በሚበዛበት የተራራ መንደር ውኃን፣ ቆሻሻንና የአገልግሎት ክፍያን እንዴት እናስተዳድር?

ጥያቄ፦ ከአንድ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠርዝ ላይ ባለች አንዲት የደጋ ቀበሌ በሥራ አስኪያጅነት ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ነዋሪያችን ወደ 1,400 ነፍስ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግን ሦስት አነስተኛ ሎጆችና አንድ የድንኳን ሰፈር ስላሉን፣ ብዙ ሰው በሚመጣባቸው ሳምንታት በአንድ ሌሊት እስከ 60 እንግዳ ያድራል፤ አስጎብኚው፣ ስካውቱ (እንግዳን የሚያጅበው የታጠቀ ጠባቂ)፣ በቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩም ተጨምረው ቢያንስ ሌላ 60 ሰው ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ችግሬ ውኃ ነው። አንድ ምንጭ ብቻ ነው ያለን፤ ከየካቲት ጀምሮም ይቀንሳል። ሎጆቹ ሌሊት በጎማ እየሳቡ ሮቷቸውን ሲሞሉ ያድራሉ፣ ጠዋት እናቶች ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ቆሻሻ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ገደል ይጥላል፣ የመንደሩ ውሻም እዚያው ይውላል። ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የቀበሌው በጀት ከደመወዝና ከጽሕፈት መሣሪያ አያልፍም፣ የፓርኩ መግቢያ ክፍያም ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስለሚከፈል በእኛ እጅ አያልፍም። አምና ካቢኔው እያንዳንዱ ሎጅ ለልማት በወር 500 ብር እንዲከፍል ወስኖ ነበር። ሁለቱ ከፈሉ፤ ሦስተኛው «ሕጋዊ ደረሰኝ ካልተሰጠኝ አልከፍልም» ብሎ ቀረ። እውነቱን ለመናገር የሰጠነው ደረሰኝ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የሠራችሁ ብትመክሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ ከጡረተኛ የውኃ ባለሙያ

ልጄ፣ ከክርክሩ በፊት ምንጩን ለካ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቱቦው ሥር አኑርና እስኪሞላ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ በሰዓት ያዝ፤ ይህንንም ምንጩ እጅግ በሚቀንስበት ጊዜ ደጋግመህ አድርገው። 40 ሰከንድ ከወሰደ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀንና በሌሊት 43,200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በሚለው መለኪያ ለ1,400 ሰው 35,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ገላውን የሚታጠብ እንግዳ 100 ሊትር ይፈጃል ብለን ብናስብ ለ60ው 6,000፣ ለአጃቢዎቹ 1,500 ሊትር ስንጨምር 42,500 ይሆናል። እንግዲህ በጭንቅም ቢሆን ይበቃል። ነገር ግን ሰው የሚቀዳው ቀን ነው፤ ማጠራቀሚያ ከሌለ በ12 ሰዓት ሌሊት የሚፈሰው 21,600 ሊትር ወይ ወደ ወንዝ ይሄዳል ወይ የሎጆቹን ሮቶ ይሞላል። ስለዚህ ከምንም በፊት 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አሠሩ። የሎጆቹ መስመር ከማጠራቀሚያው ወገብ ላይ፣ የሕዝቡ ቦኖ ደግሞ ከግርጌው ይውጣ፤ ውኃው ሲያንስ በመጀመሪያ የሚቋረጠው የሎጁ እንዲሆን ነው። እንዲህ ከተሠራ ሌሊት ዘበኛ ማቆም አያስፈልግም።

ለሎጆቹ ቆጣሪ አስገቡላቸው። ታሪፉን የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባኤ ይወስን፤ ለንግድ የሚቀዳው ከቦኖው ከፍ ቢል ፍትሐዊ ነው። ለበቅሎዎቹ ገንዳው ከትርፍ ውኃው ይሠራ፣ ከምንጩም ይራቅ።

መልስ፦ ከአንዲት የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ

ያልከፈለው ባለ ሎጅ ትክክል ነው፤ ቢመርም እንዲህ ማለት አለብኝ። ግብርም ሆነ የአገልግሎት ክፍያ የሚጣለው ሕግ ሥልጣን በሰጠው አካል ነው እንጂ በቀበሌ ካቢኔ ቃለ ጉባኤ አይደለም። በደብተር ቅዳጅ የተሰበሰበውም ገንዘብ አንድ ሳንቲም ባይነካ እንኳ፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። የከፈሉትን ሁለቱን ሎጆች ጠርተው በቃለ ጉባኤ ሒሳቡን ያሳውቋቸው፣ ያልወጣው ይመለስላቸው።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ረጅሙ ነው፦ የክፍያውን ዓይነትና መጠን በወረዳው በኩል አቅርቦ ማስወሰን፣ ከዚያም በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በታተመ ተከታታይ ቁጥር ባለው ደረሰኝ መሰብሰብ። ነገር ግን በዚህ መንገድ የገባ ገንዘብ የመንግሥት ገቢ ስለሆነ፣ ተመልሶ ለመንደሩ እንዲውል በጀት ላይ መያዝ አለበት፤ ብዙ ቀበሌ ይህን የሚያስታውሰው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው። ሁለተኛው መንገድ አጭር ነው፦ ቆሻሻ የሚያነሣ የወጣቶች ማኅበር ተደራጅቶ ፈቃድ ያውጣ፣ ከእያንዳንዱ ሎጅ ጋርም በጽሑፍ ይዋዋል። ሎጁ የሚከፍለው ለተሰጠው አገልግሎት ዋጋ ስለሆነ ግብር አይባልም፣ ካላነሡለትም አይከፍልም። ቀበሌው ተቆጣጣሪ እንጂ ገንዘብ ተቀባይ አይሆንም፤ ለእርስዎም ይህ ይሻላል። ሎጆቹ ሲሚንቶ ወይም ቱቦ በዓይነት እንርዳ ካሉ ደግሞ በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ ወደ ሥራ ሲሄድ በሞዴል 22 (በዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ይደረግ።

ጠያቂው፦

የደብተሩን ነገር እንዳሉት አደርጋለሁ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ይከብደኛል፦ ሦስት ሎጅ ስድስት ወር ብቻ እየከፈለ ወጣቶቹ ዓመቱን በምን ይኖራሉ? ክረምት ላይ እኮ እዚህ ከጭጋግ በቀር የሚመጣ የለም።

መልስ፦ ከላሊበላ

ዓመቱን በዚህ ሥራ ይኖራሉ ብለው አያስቡ፤ የወቅት ሥራ አድርገው ይዋዋሏቸው። እኛ ጋ ከ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ጀምሮ፣ ከዚያም በጦርነቱ ጎብኚ ሲጠፋ፣ ኑሮውን በሙሉ በእንግዳ ላይ የጣለ ሁሉ ምን እንደደረሰበት አይተናል። ስለዚህ ሁለት ነገር ልምከር። ደመወዝን የመሰለ ቋሚ ወጪ ከጎብኚ በሚገኝ ገንዘብ ላይ አይመሥርቱ፤ ማጠራቀሚያ፣ አጥርና መጸዳጃ የመሰለ አንዴ ተሠርቶ የሚቆይ ነገር ይሥሩበት። ማኅበሩም በደጉ ወቅት ካገኘው የተወሰነውን በጥምር ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጥ።

ስለ መጸዳጃ አንድም ቃል አለማንሣትዎ ግን ገርሞኛል። ለገና ወደ እኛ የሚጎርፈው ምእመን ከከተማው ነዋሪ ብዙ እጥፍ ነው፤ እግሩን አጥበን እንቀበለዋለን፣ ነገር ግን መጸዳጃው አስቀድሞ ካልተቆፈረ እግር ማጠብ ብቻውን እንግዳ መቀበል አይሆንም። በቅሎ ጫኞቹና ስካውቶቹ የት ይጸዳዳሉ? የሎጁ እንግዳ የራሱ አለው። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ከሆነ፣ የውኃ ባለሙያው አባታችን ያሰሉልዎት 43,200 ሊትር በሽታ ነው የሚያመጣው። በኅዳር ሳይሆን በመስከረም ይቆፈር።

መልስ፦ ከስዊዘርላንድ

በቫሌ ካንቶን በተራራ መንደር ስለምኖር የዚህን አገር አሠራር በአጭሩ ልጨምር። እዚህ እያንዳንዱ እንግዳ ባደረበት ሌሊት ልክ «ኩርታክስ» የሚባል ክፍያ ይከፍላል፤ ሆቴሉ ከአልጋው ሒሳብ ጋር ተቀብሎ ያስረክባል። ከመጠኑ ይልቅ ትልቁ ነገር ሕጉ ነው፦ ገንዘቡ ለከፋዮቹ ለእንግዶቹ ጥቅም እንዲውል እንጂ የመንደሩ አስተዳደር የዘወትር ሥራ ማሟያ እንዳይሆን ይደነግጋል። ቆሻሻ ለብቻው ነው፤ ክፍያው በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ የተካተተ ልዩ ከረጢት ተገዝቶ በእርሱ ብቻ ይወጣል፣ ብዙ የሚጥል ብዙ ይከፍላል። የመንደሩ ነዋሪዎች ጉባኤም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ በጀቱንና ሒሳቡን ያያል። ከረጢቱን መቅዳት ሳያስፈልጋችሁ በከረጢት ቆጥሮ ማስከፈሉን ለወጣቶቹ ውል ብትወስዱት ከወርኃዊ 500 ብር የሚሻል ይመስለኛል፤ ባዶ የሰነበተው ሎጅ ከሞላው እኩል አይከፍልማ።

መልስ፦ ከእንስሳት ሐኪም

ሁላችሁም ውሻውን አለፋችሁት። የቆሻሻ ገደል ለውሻ ቀለብ ነው፤ ውሻ በበዛ ቁጥር የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚተላለፍበት ዕድል ይሰፋል። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ጨርሷል፤ በሰሜን ያሉት ደግሞ ከባሌዎቹም ያነሱ ናቸው። ገደሉን ዝጉት። የምግብ ትራፊ በታጠረ ጉድጓድ አፈር እየለበሰ ይቀበር፣ ብርዱ ቶሎ ስለማያበሰብሰው ጉድጓዱ ሰፋ ይበል። የሃይላንድ ጠርሙስና ቆርቆሮ ግን ፈጽሞ አይቀበር፤ ዕቃ አራግፎ ባዶውን ወደ ደባርቅ የሚወርድ አይሱዙ አይጠፋምና በማዳበሪያ ታጭቆ ይውረድ፣ ለቁራሊዮም ይሸጥ። ስለ ፌስታል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስለሚከለክለው ለባለ ሱቆቹ ካሁኑ ይንገሩ። ውሾቹን ለማስከተብ ከወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ጋር ቀን ይያዙ።

ጠያቂው፦

ዛሬ ጠዋት ጀሪካኑን አስቀምጬ ለካሁ፤ 47 ሰከንድ ወሰደ፣ ይኸውም በቀን ወደ 36,700 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ ለነዋሪው በቅቶ ለእንግዳው የሚተርፈው 1,700 ሊትር ብቻ ነው። እሑድ የውኃ ማኅበሩና ሦስቱ ባለ ሎጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቁጥሩን አቀርብላቸውና፣ ሎጆቹ በየካቲትና በመጋቢት ሻወሩን በባልዲ እንዲተኩ ወይም ከታች ከወንዙ በበቅሎ እንዲያስጭኑ እጠይቃለሁ። የውኃ ባለሙያው አባቴ፣ ማጠራቀሚያው በድንጋይና በሲሚንቶ ይሻላል ወይስ ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ብናቀጣጥል ይሆናል?

መልስ፦ ከጡረተኛው የውኃ ባለሙያ

ድንጋዩ ከደጃችሁ ነው፤ በድንጋይ ሥሩት። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ አድርሶ የሚያወርድ መኪና ብታገኝ እንኳ፣ ፀሐዩና ውርጩ እየተፈራረቁ ዕድሜውን ያሳጥሩታል። መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ግን አፈሩን ቆፍረህ እይ፤ ጥቁር መረሬ ከሆነ ይሰነጥቀዋል፣ እስከ ዐለቱ ውረድ።