5ኛውና 7ኛው ነርቭ ተምታቱብኝ፣ የጭንቅላትና የአንገት አናቶሚ እንዴት ነው ያጠናችሁት?

ከሜሪላንድ፦
ሰላም ወገኖች። የደንታል ሃይጂን የመጀመሪያ ሴሚስተሬ ነው። ቀን ክፍል፣ ማታ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ አናቶሚው ሊገድለኝ ነው። አጥንቶቹን እንደምንም ይዣለሁ፤ 8 የራስ፣ 14 የፊት፣ በድምሩ 22። ከአንጎል የሚወጡት ባለቁጥር ነርቮች ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይደበላለቃል። ባለፈው ፈተና 68 አመጣሁ፣ ማለፊያው 75 ነው። 7ኛው ነርቭ ፓሮቲድ (ጆሮ አጠገብ ያለው የምራቅ እጢ) ውስጥ ስለሚያልፍ ምራቁንም እሱ ያዘዋል ብዬ ጽፌ ተሳሳትኩ። ከ400 በላይ ፍላሽ ካርድ ሠርቻለሁ፣ ጠዋት ያየሁት ማታ የለም። 3 ሳምንት ነው የቀረኝ። ያለፋችሁበት እስኪ አንድ በሉኝ።

ቆሎ ቆርጣሚ፦
እህቴ፣ ካርዱን ለጊዜው ተዪውና መስታወት ፊት ቁሚ። ቆሎ ካለሽ ያዢ፣ እየቀለድኩ አይደለም። አንድ እጅሽን መንጋጋሽ ጥግ ላይ፣ ሌላውን በዓይንሽና በጆሮሽ መሃል አድርጊና ቆርጥሚ። ከታች የሚጠነክረው ጡንቻ ማሴተር ነው፣ ከላይ የሚንቀሳቀሰው ቴምፖራሊስ። ሁለቱ ፕተሪጎይድ ጡንቻዎች ከውስጥ በኩል ናቸው፤ ሚዲያሉ ከነማሴተር ጋር አፍ ይዘጋል፣ ላተራሉ ይከፍታል። አራቱንም የሚያዛቸው የ5ኛው ነርቭ 3ኛ ቅርንጫፍ ነው። አሁን ደግሞ ሳቂ፣ ተኮሳተሪ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። እሱ 7ኛው ነው። ማኘክ 5፣ መኮሳተር 7፣ አለቀ።

የፓሮቲዱን እኔ የያዝኩት በድንጋጤ ነው። ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰውዬ የታች መንጋጋው እንዲደነዝዝ ከተወጋ በኋላ «ዓይኔ አልከደን አለኝ» አለ። መርፌው ወደ ኋላ አልፎ ፓሮቲድ ውስጥ ገብቶ እዚያ የሚያልፈውን 7ኛ ነርቭ አደንዝዞት ነው። ዓይኑን ሸፍነን ጠበቅን፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመለሰለት። ስለዚህ 7ኛው እዚያ ቤት መንገደኛ ነው፣ እጢውን የሚያዘው 9ኛው ነው።

የጥርስ ሰው፦
እኔ አዲስ አበባ ነው የተማርኩት። አማርኛው ራሱ ግማሹን ያስጠናሻል። ጆሮ ደግፍ የምንለው ሕመም የሚያሳብጠው ፓሮቲድን ነው፣ «ፓሮቲድ» ራሱ በግሪክኛ ከጆሮ አጠገብ ማለት ነው። ምችም እንደዚያው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ተደብቆ የሚቀመጠው የ5ኛው ነርቭ (ትራይጀሚናል) ጋንግሊዮን፣ ማለትም የነርቭ ሴሎቹ ቋጠሮ ውስጥ ነው፣ ለዚህ ነው ሰውነት ሲደክም እዚያው ቦታ የሚመለሰው። አያቴ ዳማከሴ ስታሸኝ ስለ ትራይጀሚናል እየነገረችኝ ነበር ማለት ነው 😄

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የአገር ቤት ልማድ ካለሽ የጥርስ ቁጥሩ ይጥልሻል። እኛ 16 ስንል የተማርነውን ጥርስ (የላይኛው ቀኝ 1ኛ መንጋጋ ጥርስ) አሜሪካ ውስጥ 3 ይሉታል።

አውቶቡስ ውስጥ አጥኚ፦
መስታወቱ ጥሩ ነው፣ ግን ካርዱን አትጣዪው፤ ፈተናው ቃሉን ነው የሚጠይቅሽ። እኔን ያሻገረኝ ባዶ ወረቀት ነው። በየቀኑ የ5ኛው ነርቭ ቅርንጫፎች ከራስ ቅል የሚወጡባቸውን ሦስት ቀዳዳዎች እስል ነበር፦ 1ኛው ቅርንጫፍ በሱፒሪየር ኦርቢታል ፊሸር፣ 2ኛው በፎራመን ሮተንደም፣ 3ኛው በፎራመን ኦቫሌ ይወጣል። ከዚያ ምላስ እስላለሁ። የፊቱ ሁለት ሦስተኛ ሲነካ 5፣ ሲቀምስ 7። የኋላው አንድ ሦስተኛ ለሁለቱም 9። እንቅስቃሴው 12። ይቺን ምላስ ከየትም ሳትገለብጪ መሳል ከቻልሽ ከአንድ በላይ ጥያቄ በነፃ ታገኛለሽ።

ከሜሪላንድ፦
ተባረኩ። ቆሎ የለኝም፣ በኦቾሎኒ ሞከርኩት 😂 ደግሞ የፓሮቲድ ቱቦ ከላይኛው 2ኛ የመንጋጋ ጥርስ ፊት ለፊት ይከፈታል የሚለውን አስታውሼ ጉንጬን ከውስጥ በምላሴ ስፈልግ አንዲት ትንሽ እብጠት አገኘሁ። ሎሚ አሸተትኩና ጠበቅኩ። እውነትም ከዚያ ነው የሚመጣው!