የቁጠባ ማኅበራችን ዳታቤዝ ክላውድ ላይ ነው፤ ቢወድቅ በምን እንመለሳለን?

ሐይቅ_ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ፣ ቅርንጫፎቹ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልድያ ለሆነ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲስተሙን የምንይዘው ሁለት ሰዎች ነን። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 15 ሲሆን መጠኑ 60 ጊጋባይት ገደማ ነው። አማዞን ክላውድ ላይ፣ ኬፕታውን ሪጅን (የአማዞን የዳታ ማዕከላት ያሉበት አካባቢ)፣ በአርዲኤስ (አማዞን በሚያስተዳድረው የዳታቤዝ አገልግሎት) ይሠራል። ያለን አንድ ሰርቨር ብቻ ነው። ማታ ማታ አውቶማቲክ ባክአፕ ይወስዳል፣ የሚቀመጠውም ለ7 ቀን ነው።

ቦርዱ «ሲስተሙ ቢወድቅ በስንት ሰዓት ትመልሱታላችሁ? የአባላት ሒሳብስ ይጠፋል ወይ?» ብሎ በደብዳቤ ጠይቆናል። ሦስት ሐሳብ ይዘናል፦ መልቲ ኤዚ (በዚያው ሪጅን፣ ሌላ የዳታ ማዕከል ላይ ተጠባባቂ ሰርቨር) ማብራት፣ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ውስጥ ሰርቨር ገዝቶ ሪፕሊካ (ዋናውን እየተከተለ የሚዘመን ኮፒ) ማስቀመጥ፣ ወይም ሌላ ሪጅን ላይ ኮፒ መያዝ። በጀቱ ለሦስቱም አይበቃም። የቱ ይቅደም?

ሎግ_ጠባቂ

አብሽሩ፣ ቦርዱ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሁለት ቁጥር አስወስኑት። አንደኛው አርፒኦ የሚባለው ነው፦ የስንት ደቂቃ ሥራ ቢጠፋ ከወረቀት ደረሰኝ መልሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ? ሁለተኛው አርቲኦ ነው፦ ገንዘብ ያዡ ለስንት ሰዓት «ሲስተም የለም» እያለ አባል መመለስ ይችላል? ለእናንተ ዓይነት ማኅበር አርፒኦ 5 ደቂቃ፣ አርቲኦ 4 ሰዓት በቂ ይመስለኛል። ሁለቱም ዜሮ ይሁኑ ከተባለ ወጪው በብዙ እጥፍ ይንራል፤ ይህን ቦርዱ ከወዲሁ ይወቀው።

አሁን ያላችሁን ነገር ዝቅ አድርጋችሁ ነው ያያችሁት። አርዲኤስ አውቶማቲክ ባክአፕ ሲበራ ማታ የሚወስደው ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት ሙሉ ኮፒ) ብቻ አይደለም፣ የትራንዛክሽን ሎጉንም (የእያንዳንዱን ለውጥ መዝገብ) በየ5 ደቂቃው ወደ ኤስ3 (የአማዞን ፋይል ማከማቻ) ይልካል። ስለዚህ ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ወደፈለጋችሁት ሰከንድ መመለስ ትችላላችሁ፤ የማትደርሱበት የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ገደማ ብቻ ነው። የ5 ደቂቃው አርፒኦ በእጃችሁ ነው ማለት ነው።

ጉድለቱ 7 ቀን ማነሱ ላይ ነው። ወለድ በስህተት ተሰልቶ ከሆነ የሚታወቀው ወር ሲዘጋ ነው፣ ያኔ ትክክለኛው ዳታ ያለበት ቀን ከባክአፑ ወጥቷል። ዛሬውኑ ወደ 35 ቀን አሳድጉት፣ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ለተጨማሪ ማከማቻ ትንሽ ትከፍላላችሁ፣ ግን ከሦስቱም ሐሳቦቻችሁ ይረክሳል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ አንድ ሰው ሰርቨሩን ሲሰርዝ «አውቶማቲክ ባክአፖቹ ይቆዩ» የሚለውን ካልመረጠ ባክአፖቹም አብረው ይሄዳሉ። የስረዛ መከላከያውን አብሩት።

መልቲ ኤዚን በተመለከተ፦ እዚያው ሪጅን ውስጥ፣ ሌላ ኤዚ ላይ ሁለተኛ ሰርቨር ያቆምላችኋል፤ እያንዳንዱ ኮሚት (ግብይትን የሚያጸና ትዕዛዝ) ሁለቱም ጋ ሳይጻፍ አይጸድቅም። ዋናው ሲወድቅ ዝውውሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 120 ሰከንድ ይፈጃል። ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከሃርድዌር ብልሽት ያድናችኋል፣ ከሰው ስህተት ግን አያድናችሁም። አንዱ የሒሳብ ሠንጠረዡ ላይ «ዌር» የሌለው «አፕዴት» (የማንን ሒሳብ እንደሆነ ሳይለይ ሁሉንም የሚቀይር ትዕዛዝ) ቢልክ፣ ስህተቱ በዚያው ቅጽበት ስታንድባዩ (ተጠባባቂው ሰርቨር) ላይም ይጻፋል። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትም የሰው ስህተት ነው፦ ሪፕሊኬሽን ለማስተካከል ሲሞከር የዋናው ዳታቤዝ ፎልደር ተሰረዘ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ዳምፕ (ዳታውን አውጥቶ በፋይል የሚያስቀምጥ ባክአፕ) ሲፈለግ የፕሮግራሙ ስሪት ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ ሲከሽፍ የቆየ ሆኖ ተገኘ፤ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም አይደርሱም ነበር። የዳኑት ከ6 ሰዓት በፊት በእጅ በተወሰደ ስናፕሾት ነው።

ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ 35 ቀን። ቀጥሎ ከዚህ አካውንትም ከዚህ ሪጅንም ውጭ የሚቀመጥ ዕለታዊ ኮፒ። መልቲ ኤዚ ሦስተኛ፣ በጀት ከተረፈ።

ሁለተኛውን ትንሽ ልዘርዝረው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ኮፒው ሌላ ሪጅን ሆኖ አካውንቱ አንድ ከሆነ፣ የአድሚን ፓስወርድ የሰረቀ ሰው ሁለቱንም ያጠፋል። የተለየ አካውንት ክፈቱ፣ የማከማቻ ባልዲውን (ኤስ3 ላይ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን) በኦብጀክት ሎክ (ፋይል እንዳይሰረዝ በሚከለክለው ቅንብር) ለ35 ቀን ቆልፉ፤ በኮምፕላያንስ ሞድ (በጥብቁ ዓይነት) ከተቆለፈ ሩት ተጠቃሚውም (የአካውንቱ ዋና ባለቤት) አይሰርዘውም። ስናፕሾቱ ኢንክሪፕት የተደረገ (በቁልፍ የተመሰጠረ) ከሆነ ቁልፉ ከሪጅኑ አይወጣም፤ መድረሻው ሪጅን ላይ ሌላ ቁልፍ ፈጥራችሁ በእሱ ነው የምትቀዱት። ኬፕታውን በፈቃድ የሚከፈት ሪጅን ስለሆነ ከየት ወደ የት መቅዳት እንደሚቻል አስቀድማችሁ አንድ ስናፕሾት ልካችሁ እዩ። ከስናፕሾቱ ጎን በፒጂ ዳምፕ የወጣ ፋይልም ያዙ፤ እሱ ያለ አማዞንም ማንኛውም ፖስትግሬስ ላይ ይከፈታል። ዳምፑ የዳታቤዝ ተጠቃሚዎችንና ፓስወርዳቸውን አይዝም፣ ስለዚህ የተጠቃሚዎቹን መፍጠሪያ ስክሪፕት ለብቻው አስቀምጡ።

እና እባካችሁ የክፍያውን ነገር አትርሱ። ሒሳቡ በውጭ ምንዛሪ የሚቆረጥበት ካርድ ጊዜው አልፎ አካውንቱ ቢታገድ ሦስቱም መፍትሔዎች አብረው ይቆማሉ። ሁለተኛ የክፍያ መንገድ አስገቡ፣ ማስጠንቀቂያውም ከአንድ ሰው በላይ ይድረሰው።

ቦርከና_ማዶ

ሎግ_ጠባቂ ያለው ልክ ነው። እኔ የኮምቦልቻውን ሰርቨር ብቻ ልመልስ።

አርዲኤስ ወደ ውጭ ሰርቨር ፊዚካል ሪፕሊኬሽን (የዳታቤዙን ፋይሎች ለውጥ እንዳለ መቅዳት) አይፈቅድም፣ የሚቀራችሁ ሎጂካል (የሠንጠረዦቹን ዳታ ለውጥ ብቻ ማስተላለፍ) ነው። ሎጂካል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን መዝገብ የሚለይ ቁልፍ) የሌለው ሠንጠረዥ ካለ «አፕዴት» (ማስተካከያ) እና «ዲሊት» (መሰረዣ) ዋናው ላይ ራሱ ስህተት እያሉ ይመለሳሉ። አዲስ ኮለም ስትጨምሩ ኮለሙ አብሮ አይሄድም፣ በእጅ ሁለቱም ጋ መጨመር አለበት፤ ያለዚያ ሪፕሊኬሽኑ ይቆማል። ሲኩዌንስም (ተከታታይ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ) በእናንተ ስሪት አይተላለፍም። የኮምቦልቻውን ዋና አድርጋችሁ ሥራ በጀመራችሁ ቅጽበት የደረሰኝ ቁጥሩ ከ1 ልቁጠር ይልና «ቁጥሩ ተይዟል» የሚል ስህተት ይዘንባል። ከመክፈታችሁ በፊት እያንዳንዱን ሲኩዌንስ ከሠንጠረዡ ትልቁ ቁጥር በላይ ማንሳት ግድ ነው።

ከሁሉም የሚያሰጋው ግን ስሎቱ (ሪፕሊካው የት እንደደረሰ ዋናው ሰርቨር የሚይዝበት ምልክት) ነው። ኮምቦልቻ መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆረጥ፣ ኬፕታውን ያለው ሰርቨር «ይህ ተቀባይ ገና አልወሰደም» እያለ የዋል ፋይሎችን (የትራንዛክሽን ሎጉን) ያጠራቅማል። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ከቆየ ዲስኩ ሊሞላ ይችላል፤ ሲሞላ ዋናው ዳታቤዝ ይቆማል። ጤነኛው ሰርቨር በደካማው ምክንያት ወደቀ ማለት ነው። «ማክስ ስሎት ዋል ኪፕ ሳይዝ» የሚባለውን ቅንብር በዲስካችሁ ልክ ወስኑለት፣ ለምሳሌ 20 ጊጋባይት። ገደቡ ሲታለፍ ስሎቱ ይበላሻል፣ ሪፕሊካውን እንደገና መሥራት ይኖርባችኋል፤ ዋናው ግን ይድናል።

ርቀቱንም አስቡት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱ ከተሞች መብራትም ስልክም ያጡት አንድ ላይ ነው። አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን ያፈረሰው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ደሴ ላይ የደረሰ አደጋ ኮምቦልቻንም የሚያገኝ ከሆነ ኮምቦልቻ የአደጋ ጊዜ ቦታ ሊሆን አይችልም።

ይህ ማለት ግን አገር ውስጥ ኮፒ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ይደነግጋል፤ የአባላት ስም፣ ስልክና ሒሳብ ኬፕታውን ስለተቀመጠ የሕግ ባለሙያ ያንብብላችሁ። ሪፕሊካውን ትታችሁ፣ ማታ ማታ ኢንክሪፕት የተደረገ ዳምፕ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደሴ ቢሮ አውርዱ። ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉት፦ 60 ጊጋባይት በ20 ሜጋቢት መስመር 24,000 ሰከንድ ይፈጃል፣ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ዳምፑ ስለሚጨመቅና ኢንዴክስ ስለማይዝ ከዚህ ያንሳል፣ ግን በሥራ ሰዓት እንዳይወርድ። የዳምፑ መክፈቻ ቁልፍ እዚያው ዲስክ ላይ እንዳይቀመጥ፤ ወረቀት ላይ ታትሞ በሁለት ሰው ካዝና ይሁን።

ገራዶ_በር

ሁሉም ስለ ዳታቤዙ ነው ያወራው። ለወሎ ቅርንጫፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ዳታቤዙ ጋ የሚያደርሰው መስመር ነው። ወልድያ ላይ ፋይበሩ ከተቆረጠ ኬፕታውን መልቲ ኤዚ መኖሩ ለገንዘብ ያዡ ምንም አይጠቅመውም።

በየቅርንጫፉ ፋይበርና የሌላ ኦፕሬተር ሲም፣ ለምሳሌ ፋይበሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ሲሙ የሳፋሪኮም፣ ሁለቱን ሰክቶ ራሱ የሚቀያይር ራውተር አስገቡ። ራውተሩንና የፋይበሩን ሳጥን ዩፒኤስ ላይ ሰኩ፤ ጀነሬተር እስኪነሣ 10 ደቂቃ ቢይዝ ይበቃል። ብዙ ቦታ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ራውተሩ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይገኛል።

አሁን ዋናው ነገር። አባል 5,000 ብር ሊያስገባ መጣ፣ ገንዘብ ያዡ «መዝግብ» አለ፤ ዳታቤዙ ኮሚት አደረገ፣ መልሱ ግን ሳይመለስ መስመሩ ተቆረጠ። ስክሪኑ «አልተሳካም» ይላል። ገንዘብ ያዡ እንደገና ይጫናል። አባሉ 10,000 ብር ገባለት። በፌይልኦቨሩ (ወደ ተጠባባቂው ሰርቨር በሚዛወርበት) ከ60 እስከ 120 ሰከንድ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። መፍትሔው፦ ፎርሙ ሲከፈት፣ ከመላኩ በፊት፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ለዚያ ግብይት ልዩ መለያ ይፈጠር። ሠንጠረዡ ላይ በዚያ መለያ ላይ «ዩኒክ» ገደብ (እንዳይደገም የሚከለክል) ይደረግ፣ ኢንሰርቱም (አዲስ መዝገብ የሚያስገባው ትዕዛዝ) «ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ» (መለያው ካለ ምንም አታድርግ) ይበል። ከዚያ አሥር ጊዜ ቢጫን የሚመዘገበው አንዴ ነው። የአባሉን ቀሪ ሒሳብ የሚያሳድገው መስመር እዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን፣ የሚሠራውም ኢንሰርቱ በእርግጥ ከገባ ብቻ ይሁን፤ ይህ ከተዘነጋ ደረሰኙ አንድ ሆኖ ቀሪው እጥፍ ይሆናል።

ፌይልኦቨር ሲደረግ የሰርቨሩ ስም ወደ አዲስ አድራሻ ይዞራል። አፕሊኬሽናችሁ የድሮውን አድራሻ ይዞ ከቀረ ዳታቤዙ በ2 ደቂቃ ተነሥቶ እናንተ ለሰዓት ትቆማላችሁ። የዲኤንኤስ መያዣውን (አፕሊኬሽኑ የስሙን አድራሻ ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) ከ30 ሰከንድ በታች አድርጉ፣ በተለይ ጃቫ ከሆነ። የኮኔክሽን ፑሉም (ወደ ዳታቤዙ የተከፈቱትን መስመሮች የሚይዘው) አዲስ መስመር ሲከፍት ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ የ5 ሰከንድ ኮኔክት ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) ስጡት። መልቲ ኤዚን ካበራችሁ በኋላ «ሪቡት ዊዝ ፌይልኦቨር» የሚል ምርጫ አለ፤ እሑድ ጧት ተጫኑትና በሰዓት ለኩት።

ሁሉም ነገር ሲቆረጥ ደግሞ ወረቀት። በየጧቱ የቅርንጫፉ አባላት ቀሪ ሒሳብ ዝርዝር ይውረድ። ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ ይዘጋጅ። በእጅ የሚከፈል ወጪ ላይ ጣሪያ ይቀመጥ፣ ያወጣ አባልም ደብተሩ ላይ ይጻፍበት፤ ያለዚያ ጧት ሐይቅ ያወጣ ከሰዓት ደሴ ይደግማል።

ሐይቅ_ዳር

እግዜር ይስጥልን፣ ሦስታችሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ አንድ ሰዓት መመለስ ሲባል በተግባር እንዴት ነው? ልምምድ አድርገን አናውቅም።

ሎግ_ጠባቂ

በወር አንዴ አድርጉት፣ ሁለታችሁም ተራ እየገባችሁ። አርዲኤስ ነባሩን ወደ ኋላ አይመልሰውም፣ በጎኑ አዲስ ሰርቨር ነው የሚያነሣው፤ ስሙም አድራሻውም አዲስ ነው። የሴኩሪቲ ግሩፑን (ማን እንደሚገባ የሚወስነውን) እና የፓራሜትር ግሩፑን (የዳታቤዙን ቅንብሮች) ስትፈጥሩት ካልመረጣችሁ ነባሪውን ይይዝና አፕሊኬሽኑ አይገባም። መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ምክንያቱም ብሎኮቹ (የዳታው ቁራጮች) ከኤስ3 የሚመጡት ሲነበቡ ነው። ትልልቆቹን ሠንጠረዦች አንዴ ሙሉውን አንብቡና ቅርንጫፍ ክፈቱ።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ገንዘብ ያዡ «ከቀኑ 8:40 ላይ ነው የተበላሸው» ይላችኋል። የዳታቤዙና የኮንሶሉ (የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጽ) ሰዓት ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሊሆን ይችላል፤ በዩቲሲ ይህ 11:40 ነው። ለቀን ሰዓት 3 ደምሩ፣ ለምሽት ከ1 እስከ 6 ሰዓት 15 ደምሩ፤ ከምሽቱ 2:00 ማለት 17:00 ዩቲሲ ነው። ይህን ሠንጠረዥ በመመሪያችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፉት። 8:40 ብላችሁ እንዳለ ካስገባችሁ የ3 ሰዓት ሥራ ትጥላላችሁ። ከስህተቱ አንድ ደቂቃ ቀደም ያለውን፣ 11:39ን ምረጡ።

ሲነሣ ሦስት ነገር አወዳድሩ፦ የአባላት ቁጥር፣ የሁሉም ቀሪ ሒሳብ ድምር፣ የመጨረሻው ግብይት የተመዘገበበት ሰዓት። ድምሩን ከዚያን ቀን የሒሳብ መዝጊያ ወረቀት ጋር አስተያዩት። ከጀመራችሁበት እስከ ጨረሳችሁበት ያለውን ጊዜ መዝግቡ፤ ለቦርዱ የምትጽፉት አርቲኦ ያ ቁጥር ነው። ስትጨርሱ የልምምዱን ሰርቨር ሰርዙ፣ ከመሰረዛችሁ በፊት ግን ስሙን ሁለታችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡ።