የታጣቂው ስዕል ይቀባ ወይስ ይቆይ? የቤልፋስት ክርክር

መነሻ ጥያቄ፦ ቤልፋስት፣ ሰሜን አየርላንድ። ቱሪስቱ በጥቁር ታክሲ እየዞረ በሰፈር ግድግዳዎች ላይ የተሳሉ የፖለቲካ ስዕሎችን ይጎበኛል። አስጎብኚዎቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ በግጭቱ ዘመን ታጥቀው፣ ታስረው የወጡም አሉባቸው። ከአየርላንድ ጋር መዋሃድ በሚሹት (በአብዛኛው ካቶሊኮች) እና ከብሪታንያ ጋር መቆየት በሚሹት (በአብዛኛው ፕሮቴስታንቶች) መካከል ሠላሳ ዓመት ገደማ የዘለቀው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰው ፈጅቷል። የሰላም ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ተደረሰ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጭንብል ያጠለቁ ታጣቂዎች የሚታዩባቸው ስዕሎች ግን ዛሬም አሉ። ይቆዩ ወይስ ይቀቡ?

የለንደኗ፦ ይቀቡ። ስዕሉ ያለው ሙዚየም ውስጥ አይደለም፣ ሰው በሚኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ልጇን የገደለባትን ቡድን አርማ እያየች ዳቦ ልትገዛ የምትወጣ እናት አስቡ። እኛ ፎቶ አንስተን እንሄዳለን፤ እሷ እዚያው ናት።

የአዲስ አበባው መምህር፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ግን ሁሉንም በአንድ አትጠቅልያቸው። ስዕሉ ከግጭቱ ይቀድማል። ፕሮቴስታንቶቹ በ1690 ቦይን ወንዝ ላይ ድል ያደረገውን ንጉሥ ዊሊያምን መሳል የጀመሩት በ1908 አካባቢ ነው። የካቶሊኮቹ ስዕል የበዛው ግን በ1981 የእስረኞች የረሃብ አድማ ጊዜ ነው። ከአድመኞቹ አንዱ ቦቢ ሳንድስ የፓርላማ አባል ሆኖ ተመርጦ በረሃብ አድማው 66ኛ ቀን ሞተ። ከእሱ በኋላ ዘጠኝ ጓደኞቹ ሞቱ። በካቶሊኮቹ ሰፈር፣ ፎልስ መንገድ ላይ ያለው ስዕሉ ፈገግ ያለ ፊት ነው፤ ጠመንጃ የለበትም። ይህንንም ልታስቀቢ ነው?

የለንደኗ፦ መምህር፣ ሳንድስ የካቶሊኩ ወገን ታጣቂ ድርጅት የአይአርኤ አባል ነበር። በ1993 የዚሁ ድርጅት ቦምብ በፕሮቴስታንቶቹ ሰፈር፣ ሻንኪል መንገድ ላይ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ፈንድቶ ከቦምብ አጥማጁ ሌላ ዘጠኝ ሰዎች ገደለ። ለእነዚያ ቤተሰቦች ፈገግታው ምን ይላቸዋል?

የደብሊኑ፦ ሁለታችሁም ስዕሉን እንጂ የካቶሊኮቹንና የፕሮቴስታንቶቹን ሰፈር የሚለየውን ግንብ አላያችሁም። እኔ ጎብኝቼዋለሁ። ቦምቤይ ጎዳና በ1969 ነሐሴ ወር የተቃጠለ ሰፈር ነው፤ በኋላ ተመልሶ ተሠራ። የቤቶቹ ጓሮ ከግንቡ ጋር ይዋሰናል። ከወዲያ የሚወረወር ድንጋይ እንዳይመታቸው ጓሮው ከላይ በሽቦ ተሸፍኗል። ሰው እዚያ ሽቦ ሥር ልብስ ያሰጣል! ግንቡ ራሱ ከታች ኮንክሪት፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ከላይ ሽቦ ነው። ማታ ማታ የሚዘጉ በሮች አሉ። የሰሜን አየርላንድ መንግሥት በ2013 «በ10 ዓመት ውስጥ ግንቦቹ ይፈርሳሉ» ብሎ ነበር። 2023 መጥቶ ሄደ፤ ግንቡ እንደቆመ ነው።

በሻንኪል በኩል ስንደርስ ሹፌሩ ማርከር አደለን፤ ግንቡ ላይ እንድንጽፍ። ብዙው ሰው «ሰላም» ብሎ ጽፎ ፎቶ ይነሳል። እኔ አልጻፍኩም። ሽቦ ሥር ለሚኖር ሰው የእኔ ጽሑፍ ምን ይፈይድለታል?

ከአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ጉብኝት ደግሞ አልቀበልም። የቀድሞ እስረኞች የሚመሩት ጉብኝት አለ፤ የሪፐብሊካኑ (የካቶሊኩ ወገን) ሰው ፎልስን አስጎብኝቶ ድንበሩ ላይ ለሎያሊስቱ (ለፕሮቴስታንቱ ወገን ሰው) ያስረክባል። የምመክረው ይህንን ነው። ሰው የሁለቱንም ከአፋቸው ይስማ።

የስቶክሆልሟ፦ ሁለቱም እኮ የታጠቁ ሰዎች ናቸው። የተገደለበት ሰው ቤተሰብ የሚናገረው መቼ ነው? የጉብኝቱ ገንዘብስ ለማን ይገባል? ይህ ካልተመለሰ እኔ አልከፍልም።

የደብሊኑ፦ ይህ ጥያቄሽ ያስጨንቀኛል። እስረኛ የነበረ ሰው ሥራ እንደማያገኝ አውቃለሁ፤ እንጀራው ይህ ነው። ግን የሟች ወገን የሌለበት ጉብኝት ጎዶሎ ነው፤ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

የለንደኗ፦ መቀባቱ እኮ ተሞክሯል። በ2006 የኪነ ጥበብ ምክር ቤቱ ነዋሪውን እያማከረ የታጣቂ ስዕሎችን በሌላ የሚተካ ፕሮግራም ጀመረ። ሻንኪል ታችኛው ሰፈር ብዙ ተቀይሯል። ይቻላል ማለት ነው።

የአዲስ አበባው መምህር፦ ይቻላል፤ ግን አያያዙን እዩት። በ2013 ምሥራቅ ቤልፋስት ውስጥ የኳስ ተጫዋቹ የጆርጅ ቤስት ስዕል ጠፍቶ በቦታው ጭንብል ያጠለቀ ታጣቂ ተሳለ። በሩ ላይ እንዲህ ሲሳልበት «አይሆንም» የሚል ነዋሪ ማን ከጎኑ ይቆማል? ቀለም ከማዘዛችን በፊት ይህንን መልሱልኝ።